አዲስ የተረከቡት ካርጎ ለምን ከአሮጌው በላይ ይቆማል?

ራምፕ_አዲስ
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው። ከፋብሪካ በቀጥታ የወጣ የጭነት አውሮፕላን በመጀመሪያው ዓመት የቴክኒክ ሎጉ ከአሥር ዓመቱ እኩያው ሎግ በላይ ይሞላል። ቦይንግ 777ኤፍ የጭነት አውሮፕላን ላይ በብዛት የሚታየው የላይኛው ወለል የጭነት በር መልእክት፣ የማይንቀሳቀስ ፒዲዩ (ጭነቱን የሚገፋው የወለል ሞተር)፣ የውሸት የጢስ ማስጠንቀቂያና የተቀደደ ላይኒንግ (የጭነት ክፍሉ የውስጥ ሽፋን) ነው። ሞተሩ ዝም ያለ ነው። ቢሮ ያለው ሰው “አዲስ ዕቃ እንዴት ይበላሻል?” ይላል፣ ጫኙ “መካኒኩ አልሠራውም” ይላል፣ መካኒኩ ደግሞ “ጫኙ ነው የሰበረው”። ምክንያቱንና ከየት መጀመር እንዳለበት የምታውቁ ጻፉ እስቲ።

ጋሽ_ሪቬት
“አዲስ ዕቃ እንዴት ይበላሻል” የመኪና ገዢ ጥያቄ ነው። የአውሮፕላን ብልሽት መጀመሪያ ላይ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ወርዶ ለዓመታት ይረጋል፣ ሲያረጅ መልሶ ይወጣል። የመጀመሪያው ዓመት ብልሽት ከሦስት ቦታ ይመጣል። ከየትኛው እንደመጣ ሳይለዩ የሚጠግኑ ከሆነ ያው መልእክት በሦስተኛው ቀን ይመለስባችኋል።

አንዱ የፋብሪካ የእጅ ሥራ ነው። ክላምፕ ያልገባለት ሽቦ፣ እስከ መጨረሻው ያልተቆለፈ ኮኔክተር፣ ሽቦ ጥቅል ላይ የቀረ የመሰርሰሪያ ፍርፋሪ፣ የፍሳሽ ማስወጫ ቀዳዳ ላይ የተለጠፈ ሲላንት። ሌላው ከዕቃ አቅራቢ የሚመጣ ነው፤ አንድ የምርት ዙር ሲበላሽ በዚያ ሰሞን የወጡት አውሮፕላኖች ሁሉ አንድ ዓይነት በሽታ ይዘው ይመጣሉ። ሦስተኛው ሪጊንግ፣ ማለትም የበሩና የመሳሰሉት ማስተካከያ ነው። በሩ ፋብሪካ ውስጥ የሚስተካከለው ባዶ አውሮፕላን ላይ፣ ላስቲኩም ገና ሳይጨመቅ ነው። ከዚያ 100 ቶን ይጫንበታል፣ ፊውዝላጁ (የአውሮፕላኑ አካል) ይለጠጣል፣ ላስቲኩ ቅርፁን ይይዛል፣ ክፍተቶቹም ይለወጣሉ።

የ777ኤፍ ዋና የጭነት በር 3.72 ሜትር ስፋትና 3.05 ሜትር ቁመት አለው። እንዲህ ያለ ትልቅ ቀዳዳ ከጎኑ የተከፈተበት ፊውዝላጅ ሲጫን ትንሽም ቢሆን ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ “በሩ አልተቆለፈም” የሚል መልእክት ሲመጣ ሴንሰር ለመቀየር አትሩጡ። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦

መጀመሪያ የበሩን ደፍ በእጅ ባትሪ እዩ። የተበጠሰ የመረብ ገመድ፣ የፕላስቲክ ቁራጭ፣ የእንጨት ስንጥር በብዛት የሚገኘው እዚያ ነው። ቀጥሎ ላስቲኩን በጣት ዙሩት፤ የተጠቀለለ ወይም ከቦታው የወጣ ክፍል ካለ በሩ ወደ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይገባም። ከዚያ ላቹ (በሩን የሚይዘው መንጠቆ) እና መቆለፊያው በትክክል መግባታቸውን በዓይን አረጋግጡ፣ የማያ ቀዳዳ ካለው በእሱ በኩል። መካኒካዊው ክፍል ትክክል ሆኖ መልእክቱ ከቀጠለ ብቻ ወደ ፕሮክሲሚቲ ሴንሰሩ (በሩ መዘጋቱን በቅርበት የሚያውቀው) ሂዱ። ክፍተቱን በፊለር ጌጅ ለኩ፣ ታርጌቱ (ሴንሰሩ የሚያነበው ብረት) መታጠፉን እዩ፣ ኮኔክተሩን ፈታችሁ ፒኖቹ ላይ እርጥበት መኖሩን ተመልከቱ። ሴንሰር መቀየር መጨረሻ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ላቹ በደንብ ሳይገባ ሴንሰሩን አስጠግቶ መልእክቱን ማጥፋት ወንጀል ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ፓሪስ አጠገብ የወደቀው የቱርክ አየር መንገድ ዲሲ-10፣ 346 ሰው የሞተበት፣ ያልተቆለፈ የጭነት በር የተቆለፈ መስሎ የሄደበት አደጋ ነው።

ኮር_ስፑል
ጋሽ ሪቬት ስለ ምርት ዙር ያሉት እውነት ነው፤ ሞተርም ከዚህ አያመልጥም። “ሞተሩ ዝም ያለ ነው” ለሚለው ወንድማችን ሁለት ምሳሌ ላምጣ።

እ.ኤ.አ. በ2013 የጂኢ90 ትራንስፈር ጊርቦክስ ጉዳይ አለ። 777ኤፍ የሚጠቀመው የዚሁ ቤተሰብ ሞተር የሆነውን ጂኢ90-110ቢ1ኤልን ነው። ጊርቦክሱ ውስጥ ያለው ራዲያል ጊርሻፍት ተሰንጥቆ በበረራ ላይ ሞተር አጠፋ፤ ሁለት ጊዜ። የአሜሪካው የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ ኤፍኤኤ አስቸኳይ መመሪያ ያወጣው በተወሰኑ የሴሪያል ቁጥሮች ላይ ነበር። ዋናው ነጥብም ተጠርጣሪው ጊርቦክስ በአንድ አውሮፕላን ሁለቱም ሞተሮች ላይ እንዳይገኝ ነው። አሮጌ ሞተር የነበረው ሰው ዘና ብሎ ተኛ፤ የተቸገረው አዲስ የተረከበው ነው።

ሁለተኛው 787ም 747-8ኤፍም የሚጠቀሙበት የጂኢኤንኤክስ ሞተር ቤተሰብ ነው። ጁላይ 2012 ቻርለስተን ውስጥ አንድ አዲስ 787 ገና በመሬት ሙከራ ላይ እያለ የፋን ሚድሻፍቱ (የፊት ማራገቢያውን የሚያዞረው ዘንግ) ተሰበረ። ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ ሻንጋይ ውስጥ ለመነሳት የሚሮጥ የኤርብሪጅካርጎ 747-8ኤፍ ተመሳሳይ ነገር ገጠመው። የተሰነጠቀው ሻፍቱ ፊት ለፊት ያለው፣ ዳዶው የሚታሰርበት ክር ያለው ጫፍ ነው። ምርመራው የጠቆመው ክሩ ላይ የሚቀባው ደረቅ ቅባት በምርት ላይ መለወጡን ነው፤ በኃይል የተወጠረ ብረት እርጥበት ሲያገኘው ቀስ እያለ ይሰነጠቃል። ሰዓት አያስፈልገውም፤ ቆሞም ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው አዲስ ሞተር ላይ የአልትራሳውንድ ምርመራ የታዘዘው።

ከዚህ የሚወሰደው ነገር፦ አውሮፕላን ስትረከቡ የሞተሩንና የዋና ዋና ዕቃዎቹን የሴሪያል ቁጥር ዝርዝር በኮምፒውተር ሊፈለግ በሚችል መልክ ተረከቡ። በፒዲኤፍ የተቃኘ ወረቀት ከሆነ መመሪያ በወጣበት ቀን ሌሊቱን ሙሉ ወረቀት ስታገላብጡ ታድራላችሁ።

ቶርክ_10
እኔ የምለው፣ አውሮፕላኑ እንደመጣ የሃይድሮሊክና የነዳጅ መስመር ዳዶዎችን በሙሉ እንደገና ቶርክ ማድረግ (በልኩ ማጥበቅ) ነው። ፋብሪካው ላልቶ የተወውን አንድ ሌሊት ላይ ማግኘት ይቻላል።

ጋሽ_ሪቬት
@ቶርክ_10 አይሆንም ልጄ። ማኑዋሉ ካላዘዘ በቀር የታሰረን ዳዶ አትንካ። ሲላንት የተቀባ ወይም ሴፍቲ ዋየር ያለው መጋጠሚያ ከተነካ በኋላ አንተ ያመጣኸው መንጠባጠብና ፋብሪካው ያመጣው አይለይም፤ የዋስትና ጥያቄህም ይወድቃል። ፍሌር ያለው ቱቦ ላይ ከመጠን በላይ ካጠበቅክ ደግሞ ፍሌሩ ይሰነጠቃል። ይልቅ የቶርክ መስመሩን ቀለም እይ፤ ከተሰበረ ወይም ከሌለ ዳዶው ተንቀሳቅሷል ወይም አልተመረመረም ማለት ነው። እሱን ብቻ መዝግበህ በማኑዋሉ መሠረት ሥራ። የሃይድሮሊክ ፈሳሹም የፎስፌት ኤስተር ዘር ስለሆነ ጓንትና መነጽር አትርሳ፤ ቀለምም ዓይንም አይምርም።

ሊዬዥ_ሌሊት
የውሸት የጢስ ማስጠንቀቂያ ጉዳይ ላይ ልግባ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ቤልጂየሟ ሊዬዥ የሚሄድ አበባ ላይ ይህ ነገር በደንብ ይታወቃል።

ጠቋሚው ጢስን የሚያየው በብርሃን መበተን ነው። የውሃ ጭጋግም ብርሃን ይበትናል። አበባው ከቀዝቃዛ ክፍል በ2 እስከ 4 ዲግሪ ወጥቶ ራምፕ ላይ ሞቅ ያለ አየር ሲያገኘው ካርቶኑ ላይ ጤዛ ይይዛል። በሩ ተዘግቶ አውሮፕላኑ ሲወጣና ካቢኑ ሲቀዘቅዝ ያ እርጥበት ጭጋግ ሆኖ ወደ ጠቋሚው ይገባል። አዲስ አውሮፕላን ላይ የሚብሰው ጠቋሚው ንጹህና ንቁ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የአየር ዝውውሩ ለደረቅ ጭነት እንደተስተካከለ ስለሚቆይም ነው። ጠቋሚ ከመቀየራችሁ በፊት ይህንን አድርጉ፦ ጭነቱ ከመግባቱ በፊት የላይኛውን ወለል አየር ማቀዝቀዣ በመሥራት ወለሉን አቀዝቅዙ፣ የጭነቱን የራምፕ ላይ ቆይታ አሳጥሩ፣ ፓሌቱን ከላይ በፕላስቲክ ሸፍኑ። ማስጠንቀቂያው የመጣበትን የጠቋሚ ቁጥር፣ ከፍታውን፣ የጭነቱን ዓይነት ሁልጊዜ ጻፉ። ሦስት ጊዜ አንድ ጠቋሚ ብቻ ከጮኸ ዕቃው ነው። የተለያዩ ጠቋሚዎች ግን ሁልጊዜ በመውጣት ላይ ከጮኹ ጭጋግ ነው።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የላይኛው ወለል ክላስ ኢ ነው፤ እዚያ ሃሎን (እሳት ማጥፊያ ጋዝ) የለም። እሳት ከተባለ ሠራተኛው ጭንብል አድርጎ አየሩን ይዘጋል፣ የካቢን ግፊት ይለቅቃል፣ ቅርብ ወዳለ አየር ማረፊያ ይሄዳል። ሃሎን ያለው የታችኛው ክላስ ሲ ብቻ ነው። አንድ የውሸት ጩኸት ማለት 100 ቶን ጭነት ያላሰበው ከተማ ማረፉ ነው። “ውሸት ይሆናል” ብሎ ማለፍም አይቻልም፤ ሴፕቴምበር 2010 ዱባይ የወደቀው የዩፒኤስ 747-400ኤፍ እውነተኛ እሳት ነበር።

ሎድ_ሺት
ራምፕ_አዲስ፣ ስለ ፒዲዩ ጫኞቹን ሙሉ በሙሉ አልከላከልላቸውም፣ ግን ሁሉንም አልጭንባቸውም።

ፒዲዩ ወለል ውስጥ የተቀበረ፣ በላስቲክ የተሸፈነ ሮለር የሚያዞር ሞተር ነው፤ በ115 ቮልት፣ 400 ኸርዝ፣ ሦስት ፌዝ ይሠራል። የሚገድለው ዋናው ነገር ፓሌቱ ተነክሶ ቆሞ እያለ ጆይስቲኩን ይዞ መቆየት ነው። ሮለሩ ፓሌቱ ሥር እየተሽከረከረ ላስቲኩን ይፈጫል፣ ሞተሩ ይግላል፣ የሙቀት ማጥፊያው ይቆርጠዋል። ከዚያ “ፒዲዩ አይሠራም” ተብሎ ሎግ ላይ ይጻፋል። ሲቀዘቅዝ ራሱ ይሠራል፤ መካኒኩም “ተፈትሾ ደህና ሆኖ ተገኝቷል” ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ብልሽቱ ግን ፓሌቱ ላይ ነው።

ፓሌቱን እዩት። ፒኤምሲ የሚባለው ፓሌት መደበኛ ልኩ 244 በ318 ሴንቲሜትር ነው፣ ከነጭነቱ እስከ 6,804 ኪሎ ይይዛል። ማዕዘኑ በፎርክሊፍት ተመትቶ ወደ ታች የታጠፈ ከሆነ ሮለሩ ላይ አይንሸራተትም፤ ወደ ላይ የታጠፈ ከሆነ መቆለፊያው ጥርስ አይይዘውም። አዲስ አውሮፕላን ላይ መቻቻሉ ጠባብ ነው፤ አሮጌው ላይ ሁሉም ነገር ስለለሰለሰ የተጣመመ ፓሌት ያልፋል። በመግቢያው ላይ ቀጥ ያለ ብረት ዘንግ አስቀምጣችሁ የፓሌቱን ጠርዝ ከመጫን በፊት መለካት ሁለት ደቂቃ ይወስዳል።

የመሬት ጀነሬተሩንም አትርሱ። ቮልቴጁ ወይም ድግግሞሹ ከገደብ ሲወጣ ፒዲዩዎች በቡድን ይቆማሉ። አንድ ፒዲዩ ብቻ ከቆመ ዕቃው ነው፤ አንድ ሙሉ መስመር ከቆመ ኃይል ወይም የመቆጣጠሪያ ሳጥን ነው።

መቆለፊያ ሲሰበርም “ሌላው ይበቃል” አይባልም። የክብደትና ሚዛን ማኑዋሉ በዚያ ቦታ የሚፈቀደውን ክብደት ይቀንሳል፤ የተቀነሰው ቁጥር ሎድ ሺቱ (የጭነት ሰነዱ) ላይ ካልገባ የጎደለው ቶን የሚታወቀው ፓሌቱ ሲንቀሳቀስ ነው።

ራምፕ_አዲስ
እናመሰግናለን። ጋሽ ሪቬት፣ እንግዲህ ርክክቡ ላይ ምን እንመልከት? ቀለምና ወንበር ሲታይ ነው የማውቀው።

ጋሽ_ሪቬት
ቀለሙን ተውት፣ የሚያበላሸው እሱ አይደለም። የጭነት አውሮፕላን ስትረከቡ ጊዜያችሁን የምታጠፉት ወለልና ሽቦ ላይ ይሁን።

የጭነት በሩን በሙሉ ኃይል ቢያንስ አሥር ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ፤ በተለዋጭ የመክፈቻ ዘዴውም ጭምር። በማጠፊያው አጠገብ የሽቦ ጥቅሉ ሲታጠፍ የሚነካው ነገር ካለ እዚያው ታዩታላችሁ። እያንዳንዱን ፒዲዩ በየተራ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቅሱ። እያንዳንዱን መቆለፊያ በእጅ አንሱ፣ አስተኙ። ናሙና ፓሌት፣ ባዶም የተጫነም፣ ከበር እስከ መጨረሻው ቦታ ድረስ አስኪዱ። የወለሉ ፓኔል ከተነሳ ደግሞ ከሥሩ በእጅ ባትሪና በመስተዋት ፍርፋሪ ፈልጉ፤ በቫኪዩም እንጂ በተጨመቀ አየር አታጽዱ፣ አየሩ ፍርፋሪውን ሽቦ ጥቅሉ ውስጥ ይሰካዋል። የፍሳሽ ማስወጫ ቀዳዳዎች ላይ ትንሽ ውሃ አፍስሳችሁ መውጣቱን አረጋግጡ። የሥጋና የዓሣ ጭነት ፈሳሽ ከወለሉ ሐዲድ ሥር ተጠራቅሞ ስትራክቸሩን የሚበላው በዓመት ውስጥ ነው፤ አዲስነቱ አይከለክለውም።

ያልተጠናቀቀ ነገር ሁሉ በጽሑፍ፣ ከነቀነ ገደቡ ይግባ። “ቤት ስትደርሱ እንልካለን” የሚባል ዕቃ ቤት አይደርስም።

ቴልአቪቭ_ሃንጋር
ከፋብሪካ ስለወጣ ብቻ አታውሩ፤ “አዲስ የተረከብነው” ከሚባለው ውስጥ ብዙው ከተሳፋሪ የተቀየረ ነው። 767-300ቢዲኤስኤፍን የሚሠራው የእስራኤሉ አይኤአይ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከእሱ ጋር በመተባበር አዲስ አበባ ላይ ይህንኑ የመቀየር ሥራ ጀምሯል፤ ስለዚህ ነገሩ ሩቅ አይደለም።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትበት ማኑዋሉ ነው። የተቀየረ አውሮፕላን ሁለት የማኑዋል ስብስብ አለው፤ የቦይንግ እና የቀያሪው ተጨማሪ። የጭነት በሩ፣ የወለሉ ስትራክቸር፣ መከላከያው ግድግዳ፣ የላይኛው ወለል ጢስ ጠቋሚ ያሉት በተጨማሪው ውስጥ ነው። ቴክኒሺያኑ በቦይንግ ሽቦ ንድፍ ላይ የተወገደ የተሳፋሪ ሰርኪት ሲከታተል ሌሊቱ ይነጋል። ዕቃ ስታዝዙም እንዲሁ፤ የቦይንግ ካታሎግ ውስጥ የሌለ ፓርት ቁጥር ስታዩ ቀያሪውን ጠይቁ። ለብዙ ኤኦጂ (በብልሽት መሬት ላይ መቆም) መራዘም ምክንያቱ ዕቃው ስለሌለ ሳይሆን የተሳሳተ በር ስለተንኳኳ ነው።

ርክክብ ላይ የተቆረጡ ሽቦዎች ጫፍ በትክክል ተሸፍኖና ታስሮ መቀመጡን፣ መስኮቶቹ የተዘጉባቸውን ፕሌቶች ዙሪያ፣ ቀድሞ ለተሳፋሪ ዞን ይሄድ የነበረው የአየር ቱቦ መዘጋቱን እዩ። ይህ ካልተዘጋ የአንዱ ዞን ሙቀት እየዘለለ ያስቸግራል። አውሮፕላኑ በድጋሚ መመዘኑንም ሰነዱ ላይ አረጋግጡ።

ቁጥር_ተከታታይ
ስለ አስተማማኝነት ቁጥር አንድ ነገር፤ ቢሮ ውስጥ የሚነሳው ጭቅጭቅ ከዚህ ይመጣል። ዲስፓች ሪላያቢሊቲ ማለት በቴክኒክ ምክንያት ከ15 ደቂቃ በላይ ሳይዘገዩ የሄዱ በረራዎች በመቶኛ ነው። ሁለት አዲስ ካርጎ አለን እንበል፣ እያንዳንዳቸው በወር 60 መነሻ። 120 ላይ ሦስት መዘግየት ካለ 97.5 ነው። አንድ ቢጨመር 96.7 ይሆናል፤ ቢሮ ይቃጠላል፣ አውሮፕላኑ ግን አልተለወጠም። ለአነስተኛ ፍሊት የሦስት ወር ተንከባላይ አማካይ ተጠቀሙ፤ ከአንድ ወር ቁጥር ላይ አትፍረዱ።

ሌላው፣ 16 ደቂቃ የዘገየውም 14 ሰዓት የቆመውም በዚህ ቀመር እኩል አንድ ነው። ካርጎ ላይ የሚጎዳው ሁለተኛው ስለሆነ ከመቶኛው ጎን የቆመበትን ሰዓት ለብቻው ቁጠሩ። ተደጋጋሚ ብልሽትንም ለብቻው፤ አንድ መልእክት በ10 ቀን ሦስት ጊዜ ከመጣ ከዕለት ተዕለት ጥገናው ወጥቶ ወደ ኢንጂነሪንግ ይሂድ።

በኤምኢኤል (ተበላሽቶም መብረር የሚፈቀድለት ዕቃ ዝርዝር) የሚዘገየውን ጥገና በትክክል ቁጠሩት። ክፍል ቢ ሦስት ቀን፣ ሲ 10፣ ዲ 120 ነው፤ የተገኘበት ቀን አይቆጠርም። ሰኞ የተጻፈ ቢ ሐሙስ እኩለ ሌሊት ላይ ያልቃል። አዲስ አውሮፕላን ላይ መለዋወጫ ስለማይኖር ሲ እና ዲው ይከማቻል፤ የተከማቸው ዝርዝር ከአምስት ካለፈ አንዱ ሌላውን ማገድ ይጀምራል።

ዋስትና_ፈላጊ
ገንዘቡ ላይ ጥቂት። የአምራቹ ዋስትና፣ የሞተሩ ዋስትና፣ የክፍል አቅራቢው ዋስትና ለየብቻ ናቸው፤ ጥያቄው የሚሄድበት ቦታ ይለያያል። የወጣው ዕቃ ላይ ታግ ሲለጠፍ ሴሪያል ቁጥር፣ ሰዓት፣ ሳይክል፣ የሎግ ገጽ ቁጥርና የምልክቱ ትክክለኛ ቃል ይኑር። “የተበላሸ” ብቻ ተብሎ የተላከ ዕቃ “ብልሽት አልተገኘም” ተብሎ ይመለሳል፣ የምርመራውንም ክፍያ እናንተ ትከፍላላችሁ። ላይኒንግ ሲቀደድ ከመጠገን በፊት ፎቶ አንሱ፤ ከመስመሩ ውጪ የተቀመጠ ፓሌት የቀደደውና በፋብሪካ ማጣበቂያው የለቀቀው በፎቶ ነው የሚለየው። የተቀደደ ላይኒንግን በጸደቀው ቴፕና ፓች ካልጠገኑት ያ ክፍል ባዶ መሄድ አለበት፣ እሱ ነው ገቢውን የሚበላው።

ቶርክ_10
ጋሽ ሪቬት፣ ዳዶውን ተውኩት :) ግን ቦሌ ላይ ጎማ ለምን ቶሎ ያልቃል? አዲስ 777ኤፍ ላይ አዲስ ጎማ ሆኖ።

ኮር_ስፑል
@ቶርክ_10 ሒሳቡን ላሳይህ። ቦሌ ከባህር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። በ22 ዲግሪ አየሩ ስለሚሳሳ እውነተኛው ፍጥነት የፍጥነት ጠቋሚው ከሚያሳየው በ17 በመቶ ገደማ ይበልጣል። የተጫነ አውሮፕላን ጠቋሚው ላይ 170 ኖት ቢነሳ ጎማው ላይ ያለው 198 ኖት ገደማ ነው፤ ነፋስ ከጀርባ ከሆነ ይጨምራል። 204 ኖት የሚፈቀድለት ጎማ ከሆነ ገደቡ እዚያው ነው። ስለዚህ ጎማው ላይ የተጻፈውን የፍጥነት መጠን ከበረራ አፈጻጸም ሠንጠረዡ ጋር አመሳክሩ። ግፊቱንም ቀዝቃዛ ላይ ለኩ፦ ከሚፈለገው ከ90 እስከ 95 በመቶ ከሆነ ሙሉና ከ24 ሰዓት በኋላ እንደገና ለኩ፣ ከ80 እስከ 90 ከሆነ ጎማው ይውረድ፣ ከ80 በታች ከሆነ በዚያው አክስል ላይ ያለው ጓደኛውም አብሮ ይውረድ።

የሞተሩም ነገር ተመሳሳይ ነው። ከቦሌ በተደጋጋሚ በሙሉ ጭነት የሚነሳ አዲስ ሞተር የኢጂቲ (የሞተሩ የጭስ ጋዝ ሙቀት) ህዳጉን ከባህር ዳርቻው ሞተር ቶሎ ይጨርሳል። ትሬንዱን ከመጀመሪያው በረራ ጀምራችሁ መዝግቡ፤ መነሻው ካልተመዘገበ በኋላ የወረደው ምን ያህል እንደሆነ ማወቂያ የለም። ህዳጉ በድንገት ቢወርድ ሞተር ከመጠርጠር በፊት የብሊድ ቫልቭ (ከሞተሩ አየር የሚወስደው) እና የሙቀት ሴንሰር ተመልከቱ።

ሎድ_ሺት
አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። በውጪ ጣቢያ የሚቀመጥ ኪት ውስጥ ምን ይግባ ትላላችሁ?

ጋሽ_ሪቬት
ለመጀመሪያው ዓመት፦ ሁለት ፒዲዩ፣ ሁለት ጢስ ጠቋሚ፣ የበሩ ፕሮክሲሚቲ ሴንሰር ከነታርጌቱ፣ አራት የፓሌት መቆለፊያ፣ የላይኒንግ ቴፕና ፓች፣ አንድ የዋና እግር ጎማና አንድ የአፍንጫ ጎማ ከነቸርኬያቸው፣ አንድ ብሬክ፣ የሞተር ዘይትና የሃይድሮሊክ ፈሳሽ በጣሳው። ፊለር ጌጅና ቫኪዩም ጨምሩበት። ከስድስት ወር በኋላ የወጣውን ዝርዝር አይታችሁ ያልተነካውን መልሱ፣ ያለቀውን እጥፍ አድርጉ። ብሬክና ጎማው በአየር ማረፊያው ያለ ሌላ ኦፕሬተር ጋር በመዋዋስ ውል ሊሸፈን ይችላል፣ ፒዲዩ ግን ማንም አያውስህም።